ፋኒ በሯን ዘግታለች፦ የአንድ የማጽናኛ ደብዳቤ ጉዳይ

ልጅቷ እህል አልቀመሰችም። እንቅልፍም የላትም። ክፍሏን ዘግታ አንዴ እየጮኸች ወዲያ ወዲህ ትላለች። አንዴ ደግሞ ፈዝዛ፣ ጭጭ ብላ ትቀመጣለች። የአባቷ መርዶ ከደረሰ ጀምሮ እንዲህ ናት። የሚያውቋት ሁሉ ሰግተዋል።

ጊዜው ዲሴምበር 1862 ነው። (ቀኖቹን ሁሉ የማስቀምጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) እኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ያንን መልስ ያጣ ደብዳቤ የጻፉበት ዓመት መሆኑ ነው። ቤቱ ያለው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ፣ ብሉሚንግተን በምትባል ከተማ ነው። ልጅቷ ፋኒ ማከላ ትባላለች። ሃያዎቹን ገና የጀመረች ወጣት ናት።

ይህ ጽሑፍ ለእሷ ስለተላከላት ደብዳቤ ነው። አጭር ናት፣ አንድ ገጽ አትሞላም። የጻፋት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ነው። በጦርነት ሰው የሞተበትን ሰው ምን ብለን እናጽናናው ለሚል፣ ከዚህች ደብዳቤ የበለጠ የሚያስተምር ጉዳይ አላገኘሁም። እንከን ስለሌላት አይደለም። አላት፣ እሱንም እንደርስበታለን።

መጀመሪያ ሟቹ። ዊልያም ማከላ ሲሞት ዕድሜው ሃምሳ ገደማ ነበር። ለዘመቻ የሚታሰብ ሰው አልነበረም። አንድ ክንዱን ከዓመታት በፊት የእህል መውቂያ ማሽን ወስዶበታል። ወጣት ሳለ በ1832፣ ከአገሬው ሕንዶች ጋር በተደረገው የብላክ ሆክ ጦርነት ላይ ዘምቷል። ሊንከንም በዚያው ጦርነት ነበር። ማከላ ከዚያ በኋላ የአውራጃው ሸሪፍ ሆነ፣ ቀጥሎም የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ። ሊንከን ያን ጊዜ ጠበቃ ነው። በፈረስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይሟገታል። ብሉሚንግተን ሲደርስ መዝገብ የሚይዘው ማከላ፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ዳኛ ዴቪድ ዴቪስ ነው። ጠበቃ፣ ዳኛና ጸሐፊ ለዓመታት በአንድ ችሎት ተያይተዋል። ፋኒንም ሊንከን የሚያውቃት ከልጅነቷ ነው።

የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ማከላ በዚያች በቀረችው ክንዱ ልጓም ጨብጦ ዘመተ። የ4ኛው ኢሊኖይ ፈረሰኛ ጦር ሌተናል ኮሎኔል ሆነ። የሰሜኑ ጄኔራል ግራንት ጦር በሚሲሲፒ ግዛት ወደ ደቡብ ሲገፋ፣ ዲሴምበር 5 ኮፊቪል በምትባል ቦታ አጠገብ ውጊያ ተነሳ። ማከላ እዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ መርዶ አንድ ነገር ልበል። በዚያ ጦርነት ሠራዊቱ ለሟች ቤተሰብ የሚያረዳበት ቋሚ ሥርዓት አልነበረውም። ሰው የልጁን ስም ጋዜጣ ላይ ከወጣ ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ ያገኘዋል። ዕድለኛ ከሆነ ደግሞ የሟች የጦር ጓደኛ ይጽፍለታል። በእኛ ወግ መርዶ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ ነው የሚነገረው። ሀዘንተኛዋ እንዳትወድቅ የሚይዛት ሰው እንኳ ቀድሞ ይታሰባል። እዚያ ግን ከ620,000 በላይ ሰው ባለቀበት ጦርነት፣ ስንቱ ጋዜጣ ዘርግቶ ብቻውን መርዶውን አነበበ።

ወደ ፋኒ ልመለስ። ሊንከን ደብዳቤውን በራሱ ተነሳስቶ አልጻፈም። የቤተሰቡ ወዳጅ የሆነች ሴት የልጅቷን ሁኔታ ለዳኛ ዴቪስ ጽፋ አሳወቀች። ዴቪስ ያን ሰሞን ዋሽንግተን ነው። ሊንከን በዚያው ዓመት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሾሞታል። ዴቪስ ሄዶ ነገረው። ሊንከን በማከላ ሞት ክፉኛ አዝኖ ነበርና ለልጅቷ እጽፍላታለሁ አለ። ዴቪስ ይህን ለሴትየዋ ሲመልስላት ግን አንዲት ነገር ጣል አደረገ። የመንግሥት ሸክም ከብዶታል፣ ካላስታወሱት ከሐሳቡ ሊወጣ ይችላል አላት።

ይህችን ነገር እወዳታለሁ። ማጽናናት ሲባል ዝም ብሎ ከልብ የሚፈልቅ ነገር ይመስለናል። ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባው አንድ ጎትጓች ሰው አለ። በየእድሩ ታውቁታላችሁ። «እነ እንትና ቤት ደረስክ? ኧረ ሦስተኛው ቀን አለፈ!» እያለ ስልክ የሚደውል። ደብዳቤዋ ዛሬ የምትጠራው በሊንከን ስም ነው። የብሉሚንግተኗ ሴትና ዳኛው ባይኖሩ ግን አትጻፍም ነበር።

ቢረሳስ ይፈረድበታል? ዲሴምበር 13 ፍሬድሪክስበርግ በምትባል ከተማ የሊንከን ጦር ክፉኛ ተመታ። ከ12,000 በላይ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ወይም የገባበት ጠፋ። ወዲያው ሴናተሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ሱዋርድን አባር ብለው መጡ። ሱዋርድ መልቀቂያ አስገባ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ቼዝም ተከተለ። ሊንከን ሁለቱንም አልቀበልም አለ። ጃንዋሪ 1 ደግሞ የባሮች ነፃነት አዋጅ መፈረም አለበት። በዚህ ሁሉ መሐል፣ ዲሴምበር 23፣ ለአንዲት ልጅ ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ።

አሁን ደብዳቤዋን ትንሽ ትንሽ እያደረግን እናንብባት። ትርጉሙ የእኔ ነው። «አንቺ» ያልኩት ከሕፃንነቷ ስለሚያውቃት ነው። በእንግሊዝኛው አንቺና እርስዎ አይለይም፣ ለእኛ ግን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«ውድ ፋኒ፦ የደጉንና የጀግናውን አባትሽን ሞት የሰማሁት በጥልቅ ሀዘን ነው። በተለይም በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሚታየው በላይ የልጅነት ልብሽን እንደጎዳው ስሰማ።»

የቃላቱን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። ደግነቱ ቀደመ፣ ጀግንነቱ ተከተለ። ለጦር አዛዡ ጀግናው ይበልጥበት ይሆናል። ለልጅቷ ግን አባቷ መጀመሪያ ደግ ሰው ነው። ሌላም አለ። ሀዘንሽ በዛ አላላትም። ከተለመደው በላይ እንደጎዳሽ ሰማሁ ነው ያላት። አንዱ ወቀሳ ነው፣ ሌላው ዐየሁሽ ማለት ነው።

«በዚህ በሚያሳዝን ዓለማችን ሀዘን ለሁሉም ይደርሳል። ለወጣት ግን ሳያስበው ስለሚመጣበት እጅግ ይመርረዋል። በዕድሜ የገፋው ሁልጊዜም መጠበቅን ተምሯል።»

የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ልቅሶ ቤት ሺህ ጊዜ ሰምተናታል። «ለማን ያልደረሰ አለ?» እንላለን። «ባንቺ አልተጀመረ» እንላለን። ችግሩ እኛ እዚያ ላይ ማቆማችን ነው። የሁሉም ነው ስንላት፣ ያንቺ ይህን ያህል አይደለም እንዳልናት ነው የሚሰማት። ሊንከን ግን የሁሉም ነው ካለ በኋላ «ግን» ብሎ ወደ እሷ ዞረ። የሁሉም ነው፣ ያንቺ ግን ይመርራል፣ ምክንያቱም ልጅ ነሽ አላት።

«አሁን ያለሽበትን ጭንቀት ጥቂት ላቀልልሽ እሻለሁ። ፍጹም ዕረፍት ከጊዜ በቀር አይገኝም። አንድ ቀን ይሻለኛል ብለሽ አሁን ልታስቢ አትችይም። አይደለም እንዴ?»

እዚህች «አይደለም እንዴ?» ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ደብዳቤ ነው፣ ልጅቷ አትመልስለትም። እሱ ግን ጠየቃት። ጠይቆም ለአንድ አፍታ ዝም ያለ ይመስላል። ልቅሶ ቤት ገብቶ፣ መደቡ ጥግ ተቀምጦ፣ አንድ ቃል ብሎ አንገቱን የሚደፋ ሽማግሌ ታስታውሳላችሁ? እንደዚያ ነው። የሚሻልሽ አይመስልሽም፣ አውቃለሁ። ከዚህ በፊት ምንም ተስፋ አልሰጣትም። መጀመሪያ እሷ ያለችበት ጉድጓድ ድረስ ወረደ።

«ግን ስሕተት ነው። ዳግመኛ ደስተኛ እንደምትሆኚ የተረጋገጠ ነው። ይህን ማወቅሽ፣ እውነትም ነውና፣ አሁን ከመከራሽ ትንሽ ይቀንስልሻል።»

«ትንሽ» አለ። የአገር መሪ ነው፣ ብዙ ቢል ማን ይከለክለዋል? ግን ትንሽ አለ። ለዚህ ነው የሚታመነው።

«የምናገረውን ለማወቅ የሚበቃ አይቻለሁ። ይህን ብታምኚ ብቻ ወዲያው ይሻልሻል።»

የመጀመሪያዋን እንይ። የሚበቃ አይቻለሁ ብሎ አለፈ። ምን እንዳየ አልተናገረም። እሱ ያየው ደግሞ ቀላል አልነበረም። እናቱ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ብቸኛዋ እህቱ በወሊድ ስትሞት አሥራ ስምንት። ልጁ ኤዲ በ1850 አራት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሌላው ልጁ ዊሊ፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ፣ በዚያው በ1862 ፌብሩዋሪ 20 በታይፎይድ ሞተ። ደብዳቤው ሲጻፍ ገና አሥር ወሩ ነው። ከዚህ አንዱንም አላነሳም። እኛ እኮ ሌላ ነን። «የኔን ብታዪ» ብለን እንጀምርና ሀዘንተኛዋ ተነስታ እኛን ታጽናናለች።

ሁለተኛዋ ግን ያቺ ያልኳችሁ እንከን ናት። ወዲያው ይሻልሻል? ሦስት መስመር ወደ ላይ ፍጹም ዕረፍት ከጊዜ በቀር አይገኝም ያለው ራሱ ነው። እዚህ ላይ ቸኮለ። ካመንሽ ይሻልሻል የሚባል ሰው ካልተሻለው ጥፋቱን በራሱ ላይ ነው የሚያዞረው። እኔ ብሆን ይህችን እሰርዛት ነበር። ደግነቱ ተከታዩ ዓረፍተ ነገር ያድናታል።

«የውድ አባትሽ ትዝታ ሥቃይ መሆኑ ቀርቶ፣ በልብሽ ውስጥ የሚያሳዝንም የሚጣፍጥም ስሜት ይሆናል። እስከ ዛሬ ከምታውቂው ሁሉ የጠራና የተቀደሰ።»

ስተረጉም ከሁሉ የቸገረኝ ይህ ነው። በእንግሊዝኛው ሁለት ቃል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ አሳዛኝና ጣፋጭ። የአማርኛ አቻ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ቆይቼ ሳየው ግን ቃሉ ቀድሞም እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ትዝታ ራሱ እንደዚያ ነው። በትዝታ ቅኝት ሲዘፈን እየከፋን ዘፈኑ እንዳያልቅ የምንፈልገው ለዚህ አይደል? እንግሊዝኛው ሁለት ቃል የጨመረበትን አማርኛ በአንድ ቃል ይዞታል።

ደግሞ ትረሺዋለሽ አላላትም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሀዘንተኛ የሚፈራው ሥቃዩን ብቻ አይደለም። ሥቃዩ ሲቀንስ ሟቹም አብሮ የሚሄድ ይመስለዋል። ለዚህ ነው ፋኒ ምግብ እምቢ ስትል ከአባቷ ጎን የቆመች የሚመስላት። ሊንከን አባትሽ አይሄድም፣ መልኩን ለውጦ አብሮሽ ይቀመጣል አላት።

ደብዳቤዋ ውስጥ የሌለውንም እንቁጠር። አገር የለም። ድል የለም። የፈሰሰው ደም ከንቱ አልቀረም የሚል የለም። ጠላት አልተሰደበም። የእግዚአብሔር ስም እንኳ አልተጠራም። ጸሐፊው እኮ ያንን ጦር ያዘመተው ጠቅላይ አዛዥ ነው። አባትሽ ለምን እንደሞተ ላስረዳሽ የማለት ምክንያትም ሥልጣንም ነበረው። አላስረዳም። መጨረሻ ላይ የፈረመውም «ቅን ወዳጅሽ» ብሎ ነው።

ወታደር የሞተበት ቤት ስንሄድ እኛ የምንለውን ታውቁታላችሁ። «ለአገሩ ነው የወደቀው።» «ጀግና አይለቀስለትም።» እኔም ብያለሁ። አንዲት እናት ፊት ቁጭ ብዬ «እማማ፣ ሊኮሩ ይገባል እንጂ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «አዎ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አላናገሩኝም። ያኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ኩራቱ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። በድሮው ልቅሶ የሟች ልብስና ጠመንጃው ወጥቶ፣ እናቱና ሚስቱ እያነሱ እየጣሉ ጀግንነቱን ሲያሞግሱ ይውላሉ። ያ ግን የእነሱ ነው። እነሱ ሲያነሱት ሙሾ ነው። እንግዳ ሲያነሳው ግን ዝም አስባይ ነው የሚሆነው።

ሊንከን ይህን ከየት አገኘው? የራሴን ግምት ልንገራችሁ። ዊሊ ሲሞት ሚስቱ ሜሪ አልጋ ላይ ወደቀች፣ ቀብሩ ላይ እንኳ አልተገኘችም። ለሜሪ ልብስ ትሰፋ የነበረችው ኤልዛቤት ኬክሊ የዚያን ጊዜውን በኋላ አስታውሳለች። አንድ ቀን ሊንከን ሚስቱን ወደ መስኮት ወሰዳትና በሩቁ የሚታየውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አሳያት። ሀዘንሽን ካልተቆጣጠርሽ ያሳብድሻል፣ ያኔ ወደዚያ ልንወስድሽ እንገደዳለን አላት። ኬክሊ ራሷ ከባርነት የወጣች ሴት ናት። አንድ ልጇን በ1861 በዚያው ጦርነት ቀብራ፣ ዊሊ ሲሞት ሬሳውን ካጠቡት መሐል ነበረች። በአንድ ቤት ስንት ሀዘን እንደነበረ አስቡት።

እንግዲህ በመስኮቱ አጠገብ የተናገረውና ለፋኒ የጻፈው አንድ ሰው ነው። በመሐሉ ወራት አልፈዋል። ሜሪ በዛቻ አልዳነችም። በአስፈራሪ ቃል የሚቆም ሀዘን እንደሌለ በቤቱ አይቷል። ዲሴምበር ላይ ሌላ ሴት ክፍሏን ዘጋች ሲሉት፣ ያን የመስኮት ቃል አልደገመውም። «የሚበቃ አይቻለሁ» ያለው ውስጥ ይህም ያለበት ይመስለኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1864፣ በሊንከን ስም ሌላ ደብዳቤ ወጣ። ለቦስተኗ መበለት ለሊዲያ ቢክስቢ ነው። አምስት ልጆቿ በጦር ሜዳ ወደቁ ተብሎ ለፕሬዚዳንቱ ተነግሮት ነበር። ያቺ ደብዳቤ ከፋኒዋ እጅግ ትታወቃለች። ቃሏ ያምራል። ሪፐብሊኩ አለበት፣ የሰማዩ አባት አለበት፣ የነፃነት መሠዊያ አለበት። በቀናት ውስጥ ጋዜጣ ላይ ታተመች። በኋላ ሲጣራ ግን በውጊያ መሞታቸው የታወቀው ሁለቱ ልጆች ናቸው። አንዱ በክብር ተሰናብቷል፣ ሌላው ከጦሩ ከድቷል። ደብዳቤውን የጻፈው የሊንከን ጸሐፊ ጆን ሄይ ነው የሚሉ አሉ፣ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ዋናው ቅጂም ጠፍቷል።

አልንቃትም። መግቢያዋ ላይ የኔ ቃል ለእንዲህ ያለ ሀዘን ምን ያህል ደካማ ነው ትላለች፣ ይህ ልክ ነው። ግን የተጻፈችው ለአንድ ቁጥር ነው፣ አምስት ለሚል። ቁጥሩ ሲዛነፍ አብራ ተዛነፈች። የፋኒዋ እንዲህ አትዛነፍም። የተመሠረተችው ጸሐፊው በሚያውቃት አንዲት ልጅና በአንድ ክንዱ በዘመተ አባቷ ላይ ነው።

ፋኒ በኋላ ትዳር ይዛለች፣ እስከ እርጅናም ኖራለች። ደብዳቤዋ ዛሬም አለች።

አንድ መስመር ቀርቶኛል። ከፊርማው በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን። መጀመሪያ ሳነባት ቅር ብሎኝ ነበር። ባሏ የሞተባት እናት እዚያው ቤት ተቀምጣ፣ የደረሳት ይህች ብቻ ናት። «ሀዘን ለጎዳት እናትሽ መልካም ሰላምታዬን አድርሽልኝ» ይላል። ለእሷ አንድ ገጽ አይገባትም ነበር? አሁንም ይገባት ነበር እላለሁ። ግን ደጋግሜ ሳነባት ሌላም ነገር ታየኝ። ሰላምታውን እንድታደርስ የተላከችው ያቺ ክፍሏን የዘጋች ልጅ ናት። ተነስታ፣ በሩን ከፍታ፣ እናቷ ወዳለችበት መሄድ አለባት።